ጥይቱስ ከየት ይመጣል? የሽጉጥ ታሪክ በገላባት ድንበር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የዚህ ጽሑፍ ሥሩ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገውና ዛሬ በአሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደወለልኝና እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የዒላማ ተኩስ መለማመድ ጀምሬያለሁ። እስካሁን የምተኩሰው በኪራይ መሣሪያ ነው። አሁን የራሴን ልገዛ አስቤያለሁ፤ እንደ ጥንቶቹ ያለ፣ ሁለመናው ብረት የሆነ ሽጉጥ። ገንዘቤ ግን ብዙ አይደለም። የቱን ልምረጥ?»

እኔ የጦር መሣሪያ ባለሙያ አይደለሁም። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ወረቀት እየተረጎምሁ የማድር ሰው ነኝ። ልጁ የጠየቀኝ የድንበሩን የድሮ ታሪክና የቃላትን ዘር መልቀም እንደምወድ ስለሚያውቅ ነው። እናቱ፣ ማለትም እኅቴ፣ ነገሩን በሰማች ጊዜ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነበር። «እኛ ይህን ድንበር የተሻገርነው ከጠመንጃ ሸሽተን ነው። አሁን ልጄ በገንዘቡ ይግዛው?» አለችኝ። የልጁ ጥያቄ የገበያ ነው፤ የእናቲቱ ጥያቄ የታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም በአንድነት ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው፤ ምክንያቱም በኛ አካባቢ ገበያውና ታሪኩ ከተለያዩበት ጊዜ የለም።

የአንድ ዕቃ ሦስት ስሞች

እንደ ልማዴ ከስሙ ልጀምር። የሱዳን ወንድሞቻችን ሽጉጥን «ሙሰደስ» ይሉታል። ቃሉ ስድስት ከሚለው የዐረብኛ ቁጥር የወጣ ሲሆን፣ ስድስት ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ሽጉጥ ያስታውሳል። የኛዎቹ አባቶች «ስድስት ጎራሽ» ያሉትም ይህንኑ ነው። ከዚህ ሌላ በገዳሪፍ ገበያ ሽማግሌዎች አፍ «ጠበንጃ» የሚለው ስም ይሰማል፤ ይኸኛው ከቱርክኛው «ታባንጃ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ሽጉጥ ማለት ነው። የኛን «ጠመንጃ» ከዚህ ቃል አጠገብ አስቀምጦ ላዳመጠ ሰው ዝምድናቸው አይሰወርም። እንግዲህ እነርሱ ለአጭሩ መሣሪያ ያወጡትን ስም እኛ ለረጅሙ ሰጠነው ማለት ነው። «ነፍጥ»ም ቢሆን በዐረብኛ አስቀድሞ የሚነድ ዘይትን፣ ኋላም ባሩድን የሚያመለክት ቃል ነበር። «ባሩድ»ማ ሁለታችንም እንዳለ የምንጠራው ነው።

ለአጭሩ መሣሪያ አማርኛ ያወጣው ስም ግን የራሱ ነው፤ «ሽጉጥ»። ሸጎጠ፣ ከሚታይ ቦታ አነሣ፣ በጉያ አኖረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ዐረቡ በሚጎርሰው ጥይት ቁጥር ሰየመው፤ እኛ በሚቀመጥበት ቦታ ሰየምነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጦር መሣሪያ ቃላታችን ከየት እንደ መጡ ማየት መሣሪያዎቹ በየትኛው በር እንደ ገቡ ማየት ነው። ቱርክኛውና ዐረብኛው የቀይ ባሕርንና የዐባይን መንገድ ያመለክታሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ የነዳፊዎቻቸውን ስም ይዘው ገብተዋል፤ እንግሊዛዊው «ስናይደር» ሰናድር ሆነ፣ ፈረንሳዊው «ፉዚ ግራ» ውጅግራ ሆነ፣ ኦስትርያዊው «ማንሊኸር» ምንሽር ሆነ። ስማቸውን አማርኛ አደረግነው፤ ጥይታቸውን ግን እንደ ስማቸው በአገራችን ልናበቅለው አልቻልንም። የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከደባርቂ እስከ መቅደላ

በ1813 ዓ.ም. ገደማ የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዐሊ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ፣ በሠለጠነ ሥርዐት የሚተኩስ ሠራዊት ከጎንደር ቆላ አፋፍ ደረሰ። የቋራው ካሣ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. ከዚህ ሠራዊት ጋር ደባርቂ በተባለው ስፍራ ገጥመው ተሸነፉ። ጀግንነት ሳይጎድላቸው በተኩስ ሥርዐት የተበለጡበት ይህ ቀን በሕይወታቸው ሙሉ እንዳልተረሳቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

በዚያው ዘመን በዚሁ በኛ ቆላ ሌላ የመሣሪያ ትምህርት ይሰጥ ነበር። እንግሊዛዊው አዳኝና መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1853 እና በ1854 ዓ.ም. አትባራንና ሰቲትን ተከትሎ ከሐምራን ዐረቦች ጋር ሲያድን ቆይቷል። ሐምራኖች ዝሆን የሚጥሉት ፈረስ ጋልበው፣ በሰይፍ ቋንጃውን ቆርጠው ነበር። ቤከር በለንደን ያሠራው፣ ሩብ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ ታላቅ ጠመንጃ ነበረው። ሰዎቹ «የመድፍ ልጅ» ብለው ስም አወጡለት። ርግጫው ግን ተኳሹን አዙሮ የሚያንገዳግድ ስለ ነበር ቤከር ራሱ መተኮሱን ይፈራው እንደ ነበር ጽፏል። ባለቤቱ የሚፈራው መሣሪያ የቱንም ያህል ቢያምር ብዙ ቀን ግድግዳ ላይ የሚውል ነው።

ወደ አፄ ቴዎድሮስ እንመለስ። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የመጣው ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ የሽጉጥ ስጦታ አመጣላቸው። ስጦታው ቀደም ሲል ለሞተው ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና የተቀረጸበት ነበር። ካሜሮን ከዚያ በኋላ በሱዳን ድንበር፣ በከሰላና በመተማ በኩል ሲዘዋወር መቆየቱ ንጉሡን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። ንጉሡ ከእንግሊዝ የፈለጉት የእጅ ባለሙያና የሥራ መሣሪያ ነበር። ይህንኑ እንዲያመጣ በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከዋል። በጋፋትም አውሮፓውያኑን አሠርተው «ሴባስቶፖል» የተባለውን ግዙፍ መድፍ አስቀልጠዋል። ሽጉጥ ተሰጣቸው፤ እርሳቸው የለመኑት ግን ሽጉጥ የሚሠራ እጅ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ሲሰብር ንጉሡ ሕይወታቸውን ያሳለፉት በዚያው በንግሥቲቱ ሽጉጥ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው ሽጉጥ ይህ ነው። በብር ጌጥ የተሠራ፣ በዋጋ የማይገኝ፣ ግን የተገዛ ሳይሆን የተሰጠ፣ በአገሩም ሊተካ የማይችል ዕቃ ነበር።

አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ ሁለት ጦር

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊትና በዘኪ ቱማል የሚመራው የደርቡሽ ጦር መተማ ላይ ተጋጠሙ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆስለው ሞቱ። ስለዚህ ጦርነት ብዙ ተጽፏል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። በሁለቱም ወገን እጅ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ነበር፤ አሜሪካ ሠራሹ ሬሚንግተን። ኢትዮጵያውያን ከግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራዕ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ማረኩት። ደርቡሾች ደግሞ በ1876 ዓ.ም. ሸይካን ላይ የሂክስን ጦር ደምስሰው ወሰዱት። ከአንድ ባለቤት ግምጃ ቤት በሁለት በር የወጣ መሣሪያ በመተማ ሜዳ እርስ በርሱ ተተኳኮሰ።

ጠመንጃ ተማርኮ ሊኖር ይችላል፤ ጥይት ግን ተተኩሶ ያልቃል። ደርቡሾች ባዶውን ቀለህ እየሰበሰቡ በካርቱም እንደገና ይሞሉት ነበር። የባሩዱ ጥራት ዝቅተኛ ስለ ነበር የጥይቱ ጉልበትም ቀነሰ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ጥይት እጅግ ከመወደዱ የተነሣ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የሚመነዘር ገንዘብ እስከ መሆን ደረሰ። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር፣ ለመለማመድ መተኮስ ማለት ገንዘብን ማቃጠል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙው ባለ ጠመንጃ የሚተኩሰው በጦርነት፣ በሠርግና በለቅሶ እንጂ ዒላማ ለመማር አልነበረም።

ይህ ችግር በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ በግልጽ ታየ። የአርበኛው እጅ በብዙ ዓይነት ጠመንጃ የተሞላ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ በአምስቱ ዓመት ዘመን ጥሩ መሣሪያ የሚባለው የጠላት መሣሪያ ሆነ፤ ጥይቱ ከጠላት ስለሚገኝ። በኋላ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ገላባትን ለማስለቀቅ ሲዋጋ፣ ጥር 12 ቀንም አፄ ኃይለ ሥላሴ በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ የዚህ ድንበር መንገዶች ከሁሉም በላይ የጥይት መንገዶች ነበሩ።

የአለቆች መሣሪያ

ሽጉጥ በዚህ ሁሉ ውስጥ የአለቃ ምልክት ሆኖ ኖሯል። በሱዳን በኩል የእንግሊዝ መኮንን በወገቡ ዌብሊ ወይም ኤንፊልድ የተባለውን ስድስት ጎራሽ ያስር ነበር። በኢትዮጵያ በኩል የጣልያን መኮንን የ1934ቱን ቤሬታ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ይታጠቅ ነበር፤ ይህ ትንሽ ሆኖ ሁለመናው ብረት የሆነ፣ አጭር ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ነው። በደርግ ዘመን የሶቭየቶቹ ቶካሬቭና ማካሮቭ ቦታውን ያዙ። ማካሮቭ በ1951 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሶቭየት ጦር መሣሪያ የሆነ፣ ስምንት ጥይት የሚጎርስ፣ ክፍሉ ጥቂት፣ ለጥገና ቀላል የሆነ ሽጉጥ ነው። በኛ አገር ስሙ እስከ ተረት ደረሰ። ወገቡ ላይ ማካሮቭ የጎበጠበት ሰው ሲመጣ መንገድ ይለቀቅ እንደ ነበር በዚያ ዘመን ያለፈ ሁሉ ያስታውሳል። ለእኅቴ «ሽጉጥ» ማለት ይህ ነው፤ ሌሊት በር የሚያንኳኳ እጅ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጣዋን አልነቅፍም።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የቀሰምሁትን ለልጁ በአምስት ነጥብ ጻፍሁለት። አንባቢም እንዲመዝነው እነሆ።

አንደኛ፣ «ሽጉጡ ስንት ነው?» ከማለትህ በፊት «ጥይቱስ ከየት ይመጣል? ስንትስ ነው?» ብለህ ጠይቅ። በወር 200 ጥይት ብትተኩስ በዓመት 2400 ይሆናል። አንዱ ጥይት ሩብ ዶላር ቢሆን 600 ዶላር ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ርካሽ የብረት ሽጉጥ ዋጋ ያህል ነው። ስለዚህ በብዛት የሚመረተውንና በየሱቁ የሚገኘውን ባለ 9 ሚሊ ሜትር፣ ረጅሙን ጥይት የሚጎርስ ምረጥ። የአሮጌ ጦር ትርፍ የሆኑ ቶካሬቭና ማካሮቭ በዋጋ ይማርካሉ፤ ጥይታቸው ግን የማይገኝበት ወይም የሚወደድበት ጊዜ አለ። አሜሪካ በ2021 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አዲስ የሩስያ ጥይት ማስገባትን ስታግድ ይህንኑ አይተናል። የመተማው ሬሚንግተን ችግር መልኩን ለውጦ መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የመድፉን ልጅ አትግዛ። የ1911ዱ ኮልት ታላቅ ስም አለው፤ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር ለሰባ ዓመት ያህል የታጠቀው ነው። ነገር ግን ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው የጥንቱ ጥይቱ ውድ ነው፤ ርግጫውም ለጀማሪ እጅ ይከብዳል። መልኩን ከወደድኸው በ9 ሚሊ ሜትር የተሠራውን ፈልግ። የብረት ሽጉጥ ክብደት በዚህ ረገድ ወዳጅህ ነው። አንድ ኪሎ የሚያህለው ብረት ርግጫውን ይውጠዋልና እጅህ ተረጋግቶ ይማራል። ወገብ ላይ ለመታጠቅ የሚከብደው ሽጉጥ በዒላማ ሜዳ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ ከታላላቆቹ ንድፎች ሁለቱን ተመልከት። አንዱ ብራውኒንግ ጀምሮት ከሞተ በኋላ በቤልጅግ ዲውዶኔ ሴቭ የጨረሰው፣ በ1935 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው ባለ 13 ጎራሽ ብራውኒንግ ነው። ሌላው በ1975 በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራው ሲዜድ 75 ነው። ሲዜድ 75 በውጭ አገር በባለቤትነት መብት ስላልተጠበቀ በብዙ አገር ተገለበጠ፤ ጣልያን ገለበጠችው፣ ቱርክ ገለበጠችው። ለባለ ጥቂት ገንዘብ ይህ ዕድል ነው። እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ዛሬ የ1911ዱም ሆነ የ1935ቱ ብራውኒንግ ቅጂ በርካሽ ከሚሠራባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ የቱርክ የጥቁር ባሕር ከተሞች፣ ጢራብዞንና ጊረሱን ናቸው። «ጠመንጃ» የሚለውን ቃል የሰጠን ሕዝብ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ዕቃውንም ለልጆቻችን እየሸጠ ነው።

አራተኛ፣ ያገለገለ ብትገዛ አትፈር፤ ግን በዐይንህ ግዛ። የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን ተመልከት፤ ዝገትና ጉድጓድ ካለው ተወው። ቃታው ሳይሳብ መዶሻው እንዳይወድቅ አረጋግጥ። ሞላና ካዝና እንደሚተኩ ዕቃዎች ናቸው፤ መለዋወጫቸው የሚገኝ መሆኑን ጠይቅ። ከተቻለ ያንኑ ዓይነት በኪራይ መቶ ጥይት ያህል ተኩሰህ እጅህ መውደዱን አይ። የጦር ትርፍ የሆነ አሮጌ ጥይት ከተኮስህ መለኮሻው ብረት የሚበላ ጨው ይተዋልና በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ እጠበው፣ አድርቀህ ዘይት ቀባው። የጥቁር ባሩድ ዘመን አባቶችህም ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

አምስተኛ፣ ከበጀትህ ሁሉንም ለሽጉጡ አትስጥ። የጆሮ መከላከያ፣ መነጽር፣ የሚቆለፍ ሣጥን፣ ማጽጃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአስተማሪ ክፍያ አለ። አንድ ብር የሚያወጣ ትምህርት አሥር ብር የሚያወጣ ጌጥ ይበልጣል። የብር ጌጥ ያለው ሽጉጥ ለመቅደላም አልበጀም። የምትኖርበትን ክፍለ ግዛት ሕግ ደግሞ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከጽሑፉ አንብብ።

ለእናቲቱ

ለእኅቴ የምመልሰው ከዚህ ይከብዳል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገዳሪፍ ብዙ ተፈናቃይ ተቀብላለች። ከዚያ በፊት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ከዚያም በ1913 ዓ.ም. ሳይሆን በኛው ዘመን በ2013 ዓ.ም.፣ ከኢትዮጵያ የተሰደደውን ሕዝብ ኡም ራኩባ ተቀብላለች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት በዚህ ድንበር ያለፈ መሣሪያ ሁሉ ዒላማው ሰው ነበር። እናት «ልጄ አይንካው» ብትል የምታውቀውን ነው የምትናገረው።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ እርሱንም ነገርኋት። በሺህ የሚቆጠር ጥይት ወረቀት ላይ ብቻ የሚተኮስበት፣ ማታ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ የሚገባበት ሜዳ የሰላም አገር ቅንጦት ነው። ጥይት ገንዘብ ከነበረበት፣ ገንዘብም ጥይት ከሆነበት ድንበር ወጥቶ ልጅዋ እዚያ መድረሱ፣ ሽጉጡን ከያዘበት እጅ ይልቅ ዒላማውን ያየችበት ዐይን ሊያረጋጋት ይገባል። ይህን በትህትና ነገርኋት፤ ተቀበለችኝ ለማለት ግን አልደፍርም።

በመጨረሻ ለልጁ በጻፍሁት ደብዳቤ ግርጌ የጨመርሁት ስለ ስሙ ነው። ዐረቡ በጥይቱ ቁጥር ሰየመው፤ ቱርኩ በራሱ ቋንቋ ጠራው። አባቶችህ ግን «ሽጉጥ» አሉት፤ የተሸጎጠ። ሕፃን እንዳያገኘው፣ የተቆጣ እጅ እንዳይደርስበት፣ ቆልፈህ ሸጉጠው። ጥይቱንም ለብቻው አኑር። ይህን ካላደረግህ ስሙን አታውቀውም ማለት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ መሐሉ በጥቂቱ፣ ዳሩ በብዛት የተበሳ ወረቀት ነበር። ለእናቱ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና «ገና ብዙ ይቀረዋል» አለች። ከዚያም ቆይታ፣ «ሣጥኑን ገዝቷል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ገዝቷል።